ለፕላዝማው የሰጠሁት መልስ

አቶ ግዛቸው የበደለኝ ፕላዝማ በየክፍሉ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ ወር፣ አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አቃቂ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። እሱ ምክትል ርዕሰ መምህራችን ነበር። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል እበልጠዋለሁ፤ ሆኖም ሥራ ላይ ሳለሁ አንድም ቀን አንቱታ አጓድዬበት አላውቅም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁና በዚህ ጽሑፍ «እሱ» እለዋለሁ። እስከ ዛሬ የሰጠሁት አንቱታ ይበቃዋል።

ስሜን አልጽፍም። የትምህርት ቤቱንም አልጽፍም። የሚያውቀን ያውቀናል፤ የማያውቀን ደግሞ ስማችን ምን ያደርግለታል።

ፕላዝማን ያልደረሰበት ወጣት ይኖራልና ባጭሩ ላስረዳ። ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ከሆነ ሠላሳው የሳጥኑ ነው። ከቀረው ዐሥር ደቂቃ መጀመሪያ ላይ አምስቱን «እንግዳ መጥቶላችኋል፣ ዝም በሉ» እንድል፣ መጨረሻ ላይ አምስቱን «እንግዳው ምን አላችሁ?» ብዬ እንድጠይቅ ለእኔ ተትቶልኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ጠመኔ የያዝኩ ሴት በስተርጅና እንግዳ ተቀባይ ሆንኩ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ክፉ አይመስልም። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ችግሩ ጥድፊያው ነው። ጥያቄ ይጠይቅና ጥግ ላይ ሰዓት ያስቆጥራል። ልጆቹ ደብተር ገልጠው፣ የጠፋ እስክሪብቶ ፈልገው፣ ሲያጡ ከጎረቤት ተውሰው ቀና ሲሉ «ሃቭ ዩ ፊኒሽድ?» ይላል፤ ጨርሳችኋል ወይ ማለቱ ነው። ማንም ሳይመልስለት «ቬሪ ጉድ፣ ዌል ደን» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስድሳ ስምንት ልጅ አንድ መስመር ሳይጽፍ ተመስግኖ ይቀራል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ምስጋና የሰጠሁት ልጅ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ስለዚህ ይህ ነገር መጀመሪያ ሳየው ክው አድርጎኛል።

ያ ሳምንት ፕሬዘንት ፐርፌክት የምናስተምርበት ሳምንት ነበር። ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የባሰ ጠላት የለም። ድርጊቱ አልፏል ይሉትና ደግሞ አላለፈም ይሉታል። የትናንት ነው ሲባል የዛሬ ይሆናል። ሰውዬው አንድ መስመር አሰመረ፣ መስመሩ ላይ ነጥብ አስቀመጠ፣ ከነጥቡ ቀስት አወጣ፣ «ሃቭ ዩ ፊኒሽድ?» አለ፣ አመሰገነን፣ ሄደ።

«ቲቸር፣ ቀስቱ የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ ሰዓዳ።

አባቷ በአቃቂ መስመር ሚኒባስ የሚያሠሩ የወሎ ሰው ናቸው። ልጅቷ ነገር ሁሉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያወርድ ካልተነገራት አይሆንላትም።

እኔ ይህን ነገር የማስተምርበት የራሴ ዘዴ አለኝ። ዘዴዬ ጭቃ ነው። የአቃቂን ጥቁር ጭቃ የረገጠ ያውቀዋል፤ እሱ ጫማ አይለቅም፣ ሰው ነው ጫማውን የሚለቅለት። ልጆቹን «እግራችሁን አውጡ» እላቸዋለሁ። «ዓምና ክረምት ዘነበ። የዚያ ጭቃ ደርቆ ተራግፏል፤ ጉዳዩ አልቋል። ዛሬ ጠዋት ግን ዘንቧል። ጫማሽን እዪው። ጭቃው አለ?» «አለ» ይላሉ። «ዝናቡስ?» «አባርቷል።» «እንግዲያው ዝናቡ ቢያልፍም ነገሩ እግራችሁ ላይ ነው። ነገሩ እግራችሁ ላይ ካለ ‹ሃቭ› ወይም ‹ሃዝ› ብላችሁ ጀምሩ። ከተራገፈ ተዉት።» በቃ፣ ይኸው ነው። ቀስት የለውም። በዚህ ጭቃ ስንት ልጅ ፈተና እንዳለፈ እኔ አውቃለሁ።

የዐሥረኛ «መ» ልጆች አገር አቀፍ ፈተና ሰባት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። ለብዙዎቹ ወይ መሰናዶ ነው ወይ ፋብሪካ በር ላይ ተሰልፎ ሥራ መለመን። በዚያ ዓመት ከእግዜር የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነሱን እስከ ፈተናው በር ማድረስ። በአምስት ደቂቃዬ ጭቃውን ለስድሳ ስምንት ጫማ ለማዳረስ እሯሯጥ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሰውዬው እንደ ልማዱ «ሃቭ ዩ ፊኒሽድ?» ሲል ከኋላ ቆሜ ነበር። ሰዓዳ ገና ቀኑን እየጻፈች ነው። አፌ ሳላዘው «ኖ፣ ዌይት» አለ። በዕድሜዬ ለቴሌቪዥን መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ሰውዬው «ቬሪ ጉድ» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፣ እኔም ሳቅሁ። የሆነው ይኸው ነው። ከዚህ ያለፈ የነገራችሁ ሰው ካለ ቃለ ጉባኤውን ያነበበ ነው።

ሐሙስ ግምገማ ነበር። በዚያ ዘመን ደመወዝ የበላ ሰው ሁሉ ግምገማን ያውቀዋል። በተራ እየተነሡ ግለሂስ ያደርጋሉ፤ ማለት የራስን ጥፋት በራስ አፍ መናገር። ከዚያ ሌላው ተነሥቶ ጥፋቱን «ያዳብረዋል»፤ ማለት የራሱን ይጨምርበታል። «ጥፋት የለብኝም» ማለት ደግሞ ከጥፋት ሁሉ የከፋው ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ትንሽ፣ ንጹሕ፣ ማንንም የማትነካ ጥፋት አዘጋጅቶ ይገባል። የስፖርት መምህሩ «ሰዓት አላከብርም» የምትለዋን ለዓመታት ይዟታል። «ቶሎ እቆጣለሁ» የኬሚስትሪው ናት። ባዮሎጂ የምታስተምረው ጓደኛዬ አስካለ «ራሴን በንባብ አላሳድግም» የምትል በጣም የምታምር ጥፋት አለቻት። እንደ ወንበር ማለት ነው፤ የሰው ላይ አይቀመጡም።

የእኔ «የትምህርት ዕቅድ ዘግይቼ አስገባለሁ» ነበረች። ውሸት ነው፤ አንድም ቀን አዘግይቼ አላውቅም። ግን ስድስት ግምገማ በሰላም አሻግራኛለች።

«ምን ይዘሻል?» አለችኝ አስካለ በሩ ላይ።

«ያችኑ።»

«ጎሽ። አታስረዝሚያት።»

ከእኔ ቀጥሎ ተራው የማን እንደሆነ አስቤ ነበር እንጂ ከእኔ በፊት ማን እንዳለ አላየሁም። አዲስ የተቀጠረ የሒሳብ መምህር ነበር፤ የመጀመሪያ ግምገማው ነው፣ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ተነሣ። ጣሪያውን አየ። መሬቱን አየ።

«እኔ፣ ማለት፣ የትምህርት ዕቅድ ዘግይቼ አስገባለሁ» አለና ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

ደነገጥኩ። ሰው ቤቱ ሲዘረፍ እንዴት እንደሚሆን ያን ቀን ነው የገባኝ። አስካለን አየኋት፤ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ቀጣይ» አለ አቶ ግዛቸው።

ቆምኩ። በጭንቅላቴ ውስጥ ጥፋት ፍለጋ ገባሁ። የቀሩት ሁሉ ባለቤት አላቸው። ራሴን መረመርኩ፤ እውነት ለመናገር የሚረባ ጥፋት አጣሁ። ሁሉም ያየኛል። በዚህ ጭንቅ ውስጥ ማክሰኞ ትዝ አለችኝ። ሰው ፈገግ ይላል፣ ይታለፋል ብዬ፣

«አንድ ቀን ለፕላዝማው መልስ ሰጥቻለሁ» አልኩ።

ማንም ፈገግ አላለም። አቶ ግዛቸው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ምን ብለው መለሱለት?»

«ጠብቅ።»

«ማንን ነው ጠብቅ ያሉት?»

«ሰውዬውን ነዋ። ልጆቹ ስላልጨረሱ።»

«ስለዚህ የፕላዝማ ትምህርቱን በተማሪ ፊት አስቁመዋል።»

«እሱ መች ይቆማል፤ ሄደ እንጂ።»

አቶ ግዛቸው እስክሪብቶውን መልሶ አነሣ። «እትዬን ሁላችንም እንደ እናት ነው የምናያቸው» አለ። «ይሁን እንጂ…»

በዚያ ቤት «እንደ እናት» የተባለች ሴት «ይሁን እንጂ»ን መጠበቅ ነበረባት። እኔ ግን «እናት» የምትለዋ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ማዳበር ተጀመረ። የስፖርት መምህሩ ነገሩ የመልስ ሳይሆን የአመለካከት ጉዳይ ነው አለ። የኬሚስትሪው፣ አገሪቱ በፍጥነት እየሮጠች ሳለ «ጠብቅ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቤቱ እንዲያስብበት ጠየቀ፤ ቤቱም አሰበበት። አንዱ ኪራይ ሰብሳቢነት የለበትም ወይ አለ። ለፕላዝማ «ኖ» ብዬ ምን ኪራይ እንደምሰበስብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሌላው ተነሥቶ «በሳተላይት ዘመን ተማሪን እግሩን አስወጥቶ ጭቃ ማሳየት አለ ይባላል» አለ። ጭቃዬን ማን ነገራቸው? ጥፋቴን የወሰደብኝ የሒሳብ መምህርም ተነሣ። «እኔ አዲስ ነኝ፤ ከእሳቸው ልምድ ልወስድ እችል ነበር፤ ይህ አደገኛ ነው» አለ። ልምዱን መቼም ወስዷል።

አስካለ ተራዋ ደረሰ። ሁሉም መናገር አለበት፤ ዝም ያለ ይጻፋል። ተነሣች።

«ራሷን በንባብ አታሳድግም» አለች።

የራሷን ጥፋት ነው የሰጠችኝ። ካላት ሁሉ የምትሻለውን፣ ለስላሳዋን። እሷን አልተቀየምኩም።

ቃለ ጉባኤው ሲነበብ «መምህርቷ በቴክኖሎጂ ላይ በተደጋጋሚ መልስ ሲሰጡ የቆዩ መሆኑን በራሳቸው አንደበት ያመኑ ሲሆን» ይላል። አንዷ «ኖ» በሁለት ሰዓት ውስጥ ተባዝታ ተደጋጋሚ ሆነች። ውሳኔው፣ አመለካከቴ እስኪስተካከል ከክፍል ወጥቼ ቤተ መጻሕፍት እንድቀመጥ ነበር።

«ልጆቹ እኮ ፈተና ሰባት ሳምንት ነው የቀራቸው» አልኩ።

«ፕላዝማው አለ፣ እትዬ። ማብራት ነው። እኔ ራሴ እየገባሁ አበራለሁ» አለ አቶ ግዛቸው።

አንዳንድ ሰዎች «በእንግሊዝኛ የጻፈውን ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ ስላረምሽበት ቂም ይዞብሽ ነው» ይሉኛል። አርሜበታለሁ። አራት ቦታ። የተለጠፈው ተማሪ በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ነበር፤ ምን ላድርግ።

ቤተ መጻሕፍቱ ከዐሥረኛ «መ» ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። የፈረደብኝ ሰው ይህን አላሰበበትም። መጀመሪያ ቀን አቧራውን ካራገፍኩ በኋላ የውሰት መዝገቡን ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በተሞላ ገጽ ላይ የአቶ ግዛቸውን ስምና ፊርማ አገኘሁ። የወሰደው ሰማያዊ ልባስ ያለው የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ነው። «የተመለሰበት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ያን መጽሐፍ አውቀዋለሁ። ፕላዝማ ሳይመጣ ሳስተምርበት የኖርኩት ነው፤ በየጠርዙ በእርሳስ የጻፍኩት የእኔ እጅ አለበት። ፕሬዘንት ፐርፌክት ያለበት ገጽ ላይ «ጭቃ» ብዬ ጽፌያለሁ። ጠፋ ብለውኝ ስንት ጊዜ አዝኜበታለሁ። ለካስ እሱ ወስዶት ነው። መዝገቡን ዘጋሁት፤ ለማንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን መብራት ሄደ። በግድግዳው በኩል የአቶ ግዛቸው ድምፅ ተሰማኝ፤ «መብራት እስኪመጣ በጸጥታ ተቀመጡ» አለና ጫማውን እያንኳኳ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ሰዓዳ በሬን ገፋ አደረገች።

«ቲቸር፣ መጽሐፍ ልንዋስ ነው።»

«ስንት ሆናችሁ?»

«ሁላችንም።»

ስድሳ ስምንት ልጅ ለሃያ ሰው በተሠራ ክፍል ውስጥ ገባ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠ ነበር። የቤተ መጻሕፍት ደንብ ጸጥታ ስለሆነ በሹክሹክታ አስተማርኩ። ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ደርቆ ነበርና በጭቃው ፋንታ የውሰት መዝገቡን ከፈትኩ።

«ሰዓዳ፣ ይህን መጽሐፍ ወስደሻል። የት ነው ያለው?»

«እጄ ላይ።»

«ስትመልሺውስ?»

«ይሰረዛል።»

«እስኪሰረዝ ድረስ?»

ስድሳ ስምንት ልጅ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ «ሃቭ» አለ። እንደዚያ ያለ ሹክሹክታ ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሄድ ነበር። ሰው ሲያማርር እኔ አመሰግን ነበር። አቶ ግዛቸው አንድ ቀን አንገቱን አስግጎ አየንና «ያነባሉ?» አለኝ። «ያነባሉ» አልኩት። የንባብ ባህል ዳበረ ተብሎ በወር ሪፖርቱ ውስጥ ገባ። ልጆቹ ተፈተኑ። ሰዓዳ መሰናዶ ገባች። ሌሎችም ገቡ። ያልገቡትም አሉ፤ እነሱን ሳስብ ያ ሐሙስ ይመጣብኛልና እዚህ ላይ ልተወው።

እኔ ወደ ክፍል አልተመለስኩም። አመለካከቴ ተስተካክሎ ይሁን ተረስቼ፣ እዚያው ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ አቶ ግዛቸው ወደ ላይ ተሾመ። የሚሾም ሰው ደግሞ መጀመሪያ ክሊራንስ ይጨርሳል። የመንግሥት ሥራ የሠራ ያውቀዋል፤ ንብረት አለመያዝህን እያንዳንዱ ክፍል ፈርሞልህ ካልሆነ በቀር ከግቢው አትወጣም፤ ሚኒስትርም ብትሆን። ንብረት ክፍል ፈርሞለታል፣ ቤተ ሙከራ ፈርሞለታል፣ ስፖርት ክፍል ኳስ አለመውሰዱን አረጋግጧል። የቀረው ቤተ መጻሕፍት ነው።

«እትዬ፣ እንዴት ዋሉ። ይቺን ፊርማ ብቻ ነበር» አለኝ ቆሞ እንኳ አይደለም፣ እያለፈ።

መዝገቡን አወጣሁ። ገጹን መፈለግ አላስፈለገኝም።

«አንድ መጽሐፍ ወስደዋል።»

«እኔ?»

«ፊርማዎ ነው።»

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ያን ቀን ድንጋጤ ከእኔ ወጥቶ ወደ እሱ ተሻገረ።

«መልሼው ይሆናል እኮ።»

«ቢመለስ ኖሮ ይሰረዝ ነበር።»

በማግስቱ ቢሮውን ሲያስፈትሽ ዋለ። ካቢኔው ተከፈተ፣ መጋረጃው ተራገፈ፣ የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ኮሪደር ላይ ወጣ። እቤቱም ፈልጎ አጣ። ሌላ ገዝቼ ላምጣ አለ፤ መዝገቡ ላይ ያለው ይኸኛው ነው አልኩት። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በፊት ላብ አጥምቆት መጣ። አዲሱ መሥሪያ ቤት ያን ቀን ከሰዓት ሪፖርት አድርግ ብሎታል።

«እትዬ፣ እንደ እናት ነው የማይዎት» አለኝ።

«ይሁን እንጂ?» አልኩት።

ያስታወሰ ይመስለኛል።

«ጥፋትዎን በወረቀት ያስፍሩልኝና እፈርማለሁ» አልኩት። «የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ይሁን።»

ተቀመጠ። ሰዓዳ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። መጽሐፉን ወስዶ እንዳልመለሰ ለመጻፍ ጀመረ፣ ሰረዘ፣ ደገመ። ከውጭ የሚጠብቀው መኪና ጡሩምባ ነፋ። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

«ሃቭ ዩ ፊኒሽድ?» አልኩት።

«ይጠብቁኝ፣ እትዬ» አለ።

ጠበቅኩት። ሲጨርስ ወረቀቱን አነበብኩ፣ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቦታ አረምኩ፣ መዝገቡ ውስጥ አስቀመጥኩ። ክሊራንሱ ላይ ፈረምኩ። አመስግኖኝ ሄደ።

መጽሐፉ ግን ያን ጊዜ እኔ ቤት ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አንድ ቀን ሪፖርት ላስቀምጥ ቢሮው ስገባ እሱ አልነበረም። የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ነው፤ እንዳይነቃነቅ ሰማያዊው መጽሐፍ ከሥሩ ተደርጎበታል። ተንበርክኬ አወጣሁት። በምትኩ መደርደሪያው ላይ የነበረውን የፕላዝማ መመሪያ አደረግኩበት፤ ውፍረቱ ልክ ነው፤ ጠረጴዛው አልተነቃነቀም። መጽሐፉን በቦርሳዬ ይዤ አቃቂ በሰቃ ወዳለው ቤቴ ሄድኩ። መዝገቡ ላይ አልሰረዝኩትም።

አሁን መኝታ ቤቴ መደርደሪያ ላይ አለ። በዚያ ሁሉ ግምገማ የራሴ የሆነ ጥፋት ሳይኖረኝ ኖሬ፣ አሁን አንድ አለኝ። አልመለስኩትም።